ስልጣን ነው የሚያበላሸን ወይስ ተበላሽተን ነው የምንሾመው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ሆኜ ከተመረጥኩ ሶስት አመት አለፈኝ። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት መቶ ምናምን አባወራ፣ ሁለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ አንድ ጥሩምባ ነፊ፣ በቃ። ደሞዝ የለው አበል የለው። የተመረጥኩበት ምክንያት ራሱ ያስቃል፤ የበፊቱ ሊቀመንበር ድንኳኑን ለዘመዶቹ ሰርግ በነፃ ይሰጣል እየተባለ ይታማ ስለነበር ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከኋላ ሆኜ አጉረመረምኩ፣ አንዱ እንግዲያው እሱ ይሁና አለ፣ እጅ ወጣ፣ ተሾምኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ከልጆቹ ጋር የድንኳን እንጨት ተሸክሜያለሁ። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ጋሼ እርስዎማ አይሸከሙም ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ፣ ደስ አለኝ፣ ወገቤንም ያመኝ ስለነበር። ከዛ ለቅሶ ቤት ስገባ ከፊት ወንበር ይለቀቅልኝ ጀመር። ከዛ ቡናው መጀመሪያ ወደኔ መምጣት ጀመረ። ማንንም አላዘዝኩም፣ ዝም ብሎ መጣ። ባለፈው ወር ታዲያ አንድ ለቅሶ ቤት ስገባ የሚነሳልኝ ጠፋ፣ አንድ ልጅ ስልኩን እየነካካ ከፊት ቁጭ ብሏል፣ እና ተናደድኩ። ሀዘን ቤት ውስጥ! ምን ሆኜ ነው ያልኩት ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ነው። ሌላም አለ፣ ልናገረውና ይውጣልኝ፣ ባለፈው ጥር የባለቤቴ እህት ልጅ ስታገባ ትልቁን ድንኳን ሳይከፈልበት ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን ነው፣ ተመላሽ ነው ብዬ።

የእድር ወንበር እኔን እንዲህ ካደረገኝ ጦርና ግምጃ ቤት በእጁ የገባውን ሰው ምን ሊያደርገው ነው? ወንበሩ ነው ወይስ ነገሩ ድሮም እኔው ጋ ነበረ? መድኃኒት ከሌለው ደግሞ ጭራሽ መሪ የሚባል ነገር ለምን አስፈለገን?

(ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ስር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ መልሶቹን ከታች በራሴ አማርኛ አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ አዛባህ የሚል ካለ ይናገር።)

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ጥፋቴን በራሴ አፍ ስለተናገርኩ መረቀኝና ጥፋቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ ልጁን ያሳደገ ህዝብ የሚበላ ሹም ሲያገኝ ለምን ይገርመዋል ነው የሱ ነገር። ተረቱ የሚወቅሰው የበላውን ሳይሆን ሳይበላ የወረደውን ነውና።

ቁጥር 2 ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለውን ጨምሮ ወጣ።

ቁጥር 3 መምህር ነገር ይመስለኛል፣ አንድ አረፍተ ነገሩ ገፅ ይሞላል። 1ን አርሞታል፣ እንደዚህ አይነት ተረት ምክር ሳይሆን ሽሙጥ ነው፣ ፊት ለፊት መናገር ያልቻለ ገበሬ ሹሙን የሚወጋበት ነው ይላል። ከዛ ደግሞ አክተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1887 እ.ኤ.አ. በኋላ ጳጳስ ለሆነ አንድ ቄስ የጻፈውን ደብዳቤ አነሳ። ሰው ሁሉ ስልጣን ያበላሻል አለ እያለ ይጠቅሰዋል፣ ሰውየው ግን ያለው ወደ ማበላሸት ያዘነብላል ነው፣ ፍፁም የሚያበላሸው ፍፁም የሆነው ስልጣን ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው ስልጣን ይኑር አይኑር ሳይሆን ልጓሙ ማን እጅ ነው የሚለው ነው አለ። ይሄ ልዩነት እኔን ብዙ አላፅናናኝም፣ የኔ ድንኳን ፍፁም ስልጣን አልነበረም።

ቁጥር 4 ቨርጂኒያ የምትኖር እህታችን ናት፣ ክሩ ውስጥ ካነበብኩት የሷን ነው የወደድኩት። አንተን ያበላሸህ ወንበሩ አይደለም ወንበሩን የለቀቀልህ ነው ትላለች። አባቷ የደሴ ሰው ናቸው። በ1965 እና በ66 ረሃቡ ወሎን ሲጨርስ ህዝቡ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር፣ አባቷ በአይናቸው አይተዋል፣ ቤተ መንግሥት ግን ወሬው የገባው ተከርክሞ ነው። የጃንሆይን ፊት ላለማጥቆር እያንዳንዱ ሹም ከበላዩ ላለው ትንሽ ትንሽ ቆርጦ እያስቀረ ሲያስተላልፍ ላይ ሲደርስ ምንም አልቀረም። ማንም ሳይታዘዝ ዝም ብሎ መጣ ያልከው ቡና እሱ ነው አለችኝ። ሁለቴ አነበብኩት።

ቁጥር 5 አንድ ጥያቄ ብቻ። የእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ የስራ ዘመኑን ስንት አመት ይላል? ሁለት ብዬ መለስኩ፣ ሂሳብ ምርመራው ስላላለቀ ነው የዘገየው ብዬም ጨመርኩ። ላይክ አላደረገልኝም።

ቁጥር 6 የያቤሎ ልጅ ነው፣ ስለ ገዳ ጻፈ፣ ብዙዎቻችን በፌስቡክ ፖስተር ከምናውቀው ይለያል። አባ ገዳው መልአክ ስለሆነ አይደለም የማይበላሸው ይላል፣ የሚወርድበት ቀን ከመውጣቱ በፊት ስለሚታወቅ ነው። ስምንት አመት። ተረካቢው ደግሞ ትናንት የተገኘ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ በየደረጃው ሲያልፍ የታየ ነው፣ ባሊ የሚባለውን ርክክብ የሚጠብቅ ትውልድ ከኋላው ተሰልፏል። መሀል ላይ ካጠፋ ደግሞ ጉባኤው ይነቅለዋል፣ ቃሉ ራሱ ቡቂሱ ነው፣ መንቀል። ቦረናዎች በየስምንት አመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ሲሰበሰቡ አባ ገዳውም ተገምጋሚ ነው። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ጭፈራውን ብቻ አይደለም አለ። መጨረሻ ላይ ሹመት በተርታ ሥጋ በገበታ የሚለውን የአማርኛ ተረት አስታወሰን፣ እናንተም ጋ ነበረ ለማለት ነው መሰለኝ።

7 ተቆጣች። ሴቶቹስ የታሉ ብላ፣ ግማሽ ህዝብ የማይመረጥበትን ዴሞክራሲ አትሽጥልን አለች። 8 አርሲና ጉጂ ውስጥ ሲንቄ እንዳለ፣ ሴቶች በትራቸውን ይዘው ከወጡ ወንድ ሁሉ እንደሚቆም ነገራት። እሷ ደግሞ ማስቆምና መሾም ይለያያል አለች። እውነቷን ነው፣ 8ም ከዛ በኋላ አልተመለሰም።

ቁጥር 9 ከኔ ሶስተኛ ጥያቄ ተነሳ፣ አንድ መሪ ለምን አስፈለገ፣ በኮሚቴ መመራት አይቻልም ወይ አለ። ምስኪን፣ ከዛ በኋላ ያወረዱበት ዶፍ ነው።

ቁጥር 10፦ ደርግ ማለት እኮ ኮሚቴ ማለት ነው። ከዛ እንደ ሂሳብ ደረደረው። ሰኔ 1966 ከየጦር ክፍሉ የተላኩ መቶ ምናምን ሰዎች፣ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ የሌለበት፣ መፈክሩ ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ቮልስዋገን ውስጥ አስገብቶ ወሰደ። ሁለት ወር ትንሽ አለፍ ሲል ህዳር 14 ስልሳዎቹ ያለ ፍርድ ተረሸኑ፣ የኮሚቴው የመጀመሪያ ሊቀመንበር አማን አንዶምም በዛው ቀን ቤታቸው ተከበው ሞቱ። ሁለተኛው ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969። ምክትሉ አጥናፉ አባተ ህዳር 1970። ከዛ የቀረው አንድ ሰው ነው፣ እስከ ግንቦት 13 ቀን 1983። ኮሚቴ መሪ አያጠፋም፣ ኮሚቴው ውስጥ ያለውን ትዕግስት የሌለው ሰው አጣርቶ ያወጣልሃል እንጂ፣ ነው የሱ ድምዳሜ። እኔ ደግሞ እነዚያ መቶ ምናምን ሰዎች ያኔ እያንዳንዳቸው ስለራሳቸው ምን ያስቡ ነበር የሚለው ነው ያስጨነቀኝ። አብዛኞቹ ከኋላ ሆነው ያጉረመረሙ ይመስለኛል።

ቁጥር 11 እድሜያቸው የገፋ አባት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የድሮውን የመንገድ ዳኛ አነሱ። ሁለት ሰው ሲጣላ የሚያልፈውን መንገደኛ በሕግ አምላክ ብለው ያቆሙታል፣ ሰውየው አህያውን አቁሞ ጥላ ስር ይቀመጣል፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ይከራከራሉ፣ ይፈርዳል፣ አህያውን ነድቶ ይሄዳል። ለአንድ ሰዓት የተሾመ ሰው ለመበላሸት ጊዜ የለውም ብለው አስቀመጡት። ወንበሩም ድንጋይ ነው፣ ተሸክሞት አይሄድም።

12 እንዲህ ያለውን ወርቅ ነገር ሳያደንቅ ወደ እርማት ገባ፣ ግን እርማቱ ትክክል ነው። በመንገደኛው ፍርድ ያልተስማማ ወደ ሹሙ፣ ከሹሙ ወደ በላዩ፣ መጨረሻ ላይ ንጉሡ ችሎት ድረስ ይግባኝ ይላል። በሕግ አምላክ ሲባል እግር የሚያቆመው ከኋላው የሚፈራ ነገር ስላለ ነው። ያ የሚፈራው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ላይ አይተነዋል አለ፣ ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ ግን የለም። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፣ ሰውም ፍጻሜ መንግሥት አላቸው። ገበሬው ግን መሪ ስለሌለው አላረፈም፣ ያለፈ ጦር ሁሉ ጎተራው ላይ አደረ።

እዚህ ላይ ነው ክሩ ወደ ውጭ የወጣው። ቁጥር 13 ዱባይ አብሮት የሚሰራ ሶማሌ ጓደኛ አለው፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. በኋላ ሞቃዲሾ መንግሥት ሳይኖር ስልኩ ይሰራ፣ ገንዘቡም በሐዋላ ይገባ እንደነበረ ነግሮታል። 13 ይሄን ሰምቶ መንግሥት ለምኔ ብሎ ሊጽፍ ሲል ለካ ጓደኛው ወሬውን አልጨረሰም። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው አንድ ኩንታል ሩዝ ለማሳለፍ በየኬላው ይከፈላል፣ ኬላውን የያዘው ደግሞ ክላሽ የያዘ ሁሉ ነው። ትልቁ ሌባ ሲሄድ ትናንሾቹ መጡ፣ እሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ነበር የሚቀበለው አለ ሶማሌው።

ቁጥር 14 ብራሰልስ ናት። ቤልጂየም ከ2010 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. 541 ቀን አዲስ መንግሥት መመስረት አቅቷት ቆሻሻው ሲነሳ፣ ጡረታውም ሲከፈል ነበር፣ ባቡሩም እንደወትሮው ይዘገይ ነበር አለች። እኛ ጋ 541 ቀን አይደለም 541 ደቂቃ ብትይ የሚል የሳቅ ኢሞጂ ተደረደረ። 15 ግን ያኔ እኮ የድሮው ጠቅላይ ሚኒስትር በባለአደራነት ቢሮው ውስጥ ነበረ፣ ክልሎቹም የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው፣ ሾፌሩ የተኛበት መኪና እንጂ ሾፌር የሌለው መኪና አይደለም አለ። ከፈለጋችሁ ስዊዘርላንድን እዩ፣ ሰባት ሰው በእኩል ተቀምጦ ፕሬዚዳንትነቱ በየአመቱ ይዞራል፣ እዛው የሚኖረው ሰው ራሱ የዘንድሮው ማን ነበር ብሎ ያስባል። ለ9 ማፅናኛ መሰለኝ፣ ኮሚቴ የሚሰራበት አገርም አለ።

ቁጥር 16 ሕግ የተማረ ነው፣ አጭርና መርዝ። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አውጡና አንቀጽ 70ን እና 72ን ጎን ለጎን አንብቡ አለ። ለፕሬዚዳንቱ ስድስት አመት፣ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም ተብሎ ተጽፏል። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ገደቡን የደነገጉት ስልጣን ለሌለው ሰው ነው። ለአበባ አጥር ሰርተን በሬውን ለቀነዋል አለ። እኔ ይሄን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ።

17 የታንዛኒያውን መሪ የኒዬሬሬን ነገር አመጣ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. በገዛ ፈቃዳቸው መውረዳቸውን። ማንዴላንም፣ አንድ ዘመን ብቻ፣ በ1999 ቻው። እዩ ሰው ከሆነ ይቻላል ነው። 18 በስድብ መለሰለት። ሁለት ሰው ጠርተህ ትኮራለህ፣ ሙጋቤም እኮ በ1980 እንደነሱ ጀግና ነበር፣ 37 አመት ቆይቶ ወታደር አወረደው፣ አንተ ጥሩ ሰው ስትጠብቅ ልጆችህ ያረጃሉ አለ። ስድቡን ቆርጬዋለሁ።

19 የለም። አድሚኑ አጥፍቶታል።

ከዚህ በኋላ 20፣ 21፣ 22 በሙሉ ስለ አድሚኑ ነው። ስለ ስልጣን ብልግና እያወራን ኮመንት ታጠፋለህ ወይ፣ ማን ሾመህ፣ የጠፋውን ስክሪንሾት ያለው ያምጣ። 22 አድሚን በድምፅ ይመረጥ ብሎ ፖል እስከ መክፈት ደረሰ። አድሚኑ 23 ላይ ራሱ ወጣ። የጠፋው የብሔር ስድብ መሆኑን፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ተነስቶ ያጠፋው መሆኑን፣ የሰርቨሩን ክፍያ ከኪሱ እንደሚከፍል ተናገረና እሺ ዛሬ ላስረክባችሁ፣ ፓስወርዱን የሚቀበለኝ ማን ነው አለ። አርባ ሰባት ሰው አይቶታል ይላል፣ አንድም እጅ አልወጣም። ፖሉም ጠፋ፣ እሱን ግን 22 ራሱ ነው ያጠፋው። ለአድሚኑ አዘንኩለት፣ ሳዝንለት ደግሞ የበፊቱን የእድራችንን ሊቀመንበር አስታወስኩ፣ ለዘጠኝ አመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳን ደክሞህ ይሆን ያለው ሰው አላውቅም።

ቁጥር 24 ከእስራኤል ነው፣ ነታንያ። ከርዕሱ ወጣሁ ይቅርታ ብሎ ይጀምራል፣ አልወጣም። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ሲገቡ ዕብራይስጥ ቶሎ የለመደው እሱ ስለሆነ አስተርጓሚ ሆነ፣ ባንክ ቤት እሱ፣ ሐኪም ቤት እሱ። አባቱ አገር ቤት ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ አሁን የአስር አመት ልጃቸውን አፍ አፍ ያያሉ። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ መምህሯ ልጅሽ ይረብሻል ስትል እሱ ለእናቱ ጎበዝ ነው ትላለች ብሎ ተረጎመ። እናቱ እጇን ይዛ መምህሯን አመሰገነቻት፣ መምህሯ ግራ ገባት። ጦር የለኝ ገንዘብ የለኝ፣ ብቻዬን ማወቄ ብቻ በቃኝ ይላል። መጥፎ ልጅ አልነበረም፣ የሚያርመው ሰው ክፍሉ ውስጥ ስላልነበረ ነው። እናቱ ቆይታ ዕብራይስጥ ተማረች፣ ያን ቀን ግዛቴ ፈረሰ ብሎ ጨረሰ። 4 ለዚህ ልብ ሰጠችው፣ እኔም።

25 የሸራ ድንኳን ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ፣ እድራቸው ሊገዛ ስለሆነ። 26 መርካቶ ከመሄድ ይልቅ እዛው ሰፈር የሚሰፋ ባለሙያ ፈልጉ አለ። 27 ስለ ቆርቆሮ ጀመረ። ስድስት ሰባት መልስ እንደዛ ሄደ፣ ዘለልኩት።

ቁጥር 34 ክሩን መለሰው፣ ግን በጥፊ። እኔን ነው። ይሄ ሰውዬ ንስሐ አይደለም የገባው፣ ጭብጨባ ነው የፈለገው አለ። ድንኳኑን በነፃ ሰጠሁ ብሎ ለማያውቀው ሰው ይናዘዛል፣ የእድሩን ካዝና ግን ከፍሏል ወይ? አልከፈለም፣ ከፍሎ ቢሆን ይጽፈው ነበር። 5ም ተመልሶ መጣና የሂሳብ ምርመራው አለቀ ወይ አለኝ። ለሁለቱም ረጅም መልስ ጻፍኩ፣ ስለ ግልፅነት ምናምን፣ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፣ አጥፍቼዋለሁ።

ቁጥር 35 አዲስ አካውንት ነው፣ ፎቶ የለውም። የጻፈው አራት መስመር ነው፣ ሙሉውን በእርስዎ። ትልቁ ድንኳን ከጥር ወሩ ሰርግ ሲመለስ ሁለት ቋሚ እንደጎደለው፣ ሂሳብ መርማሪዎቹ ሪፖርታቸውን ጥቅምት ላይ አስገብተው ቢሮው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ ምርጫው ሰኔ ላይ መሆን እንደነበረበት፣ እና ጤናዬን እንደሚመኝልኝ። በቃ።

የሁለቱን ቋሚ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢበዛ አስር ነው። ከአስሩ ማን እንዲህ ይጽፋል ብዬ የአባላት መዝገቡን አወጣሁ፣ በጣቴ ከስም ስም ስወርድ፣ ይሄኛው ኮምፒውተር አያውቅም፣ ያኛው ባለፈው መዋጮ ዘግይቶ ቀጥቼው ነበር ቂም ይዟል፣ እያልኩ ሶስተኛው ገፅ ላይ ደረስኩ። ባለቤቴ ማንን ነው የምትፈልገው ስትለኝ ነው ጣቴን ያየሁት።

መዝገቡን ዘጋሁት። ለ35፦ ማን እንደሆንክ አልፈልግም። የድንኳኑን ኪራይና የሁለቱን ቋሚ ዋጋ ዛሬ ጠዋት ለገንዘብ ያዧ ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ጥሩምባው ቅዳሜ ማለዳ ይነፋል፣ ጠቅላላ ጉባኤው እሁድ ስምንት ሰዓት ነው፣ ሪፖርቱም ይነበባል። እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው።